ሐዲዱን የማይከብድ ሎኮሞቲቭ

(በራዲዮ የተነገረ)



ስለ ሎኮሞቲቭ፥ ማለት ፉርጎዎቹን አስከትሎ ስለሚጐትተው መኪና፥ በተነሣ ቍጥር ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም። ነገር ግን የምድር ባቡር መሐንዲስ ከዚያ በፊት የሚጠይቀው አለ፤ ይኸውም «እያንዳንዱ የመንኰራኵር ዘንግ በሐዲዱ ላይ የሚጥለው ክብደት ምን ያህል ነው?» የሚል ነው። ይህ ክብደት ከሐዲዱና ከድልድዩ አቅም ያለፈ እንደ ሆነ፥ የመኪናው ጉልበት ምንም ቢበዛ በዚያ መንገድ እንዲያልፍ አይፈቀድለትም።

ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ የሚሆነን በምዕራብ ጀርመን የመንግሥት ምድር ባቡር «ፋው 100» ተብሎ የተሠራው የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በዚያ አገር ወደ ትንንሽ ከተሞችና ወደ ገጠር የሚገነጠሉት ብዙዎቹ ቅርንጫፍ መሥመሮች ገና በእንፋሎት ይሠሩ ነበር። የእንፋሎት መኪና ከመነሣቱ በፊት ለብዙ ሰዓት እሳት ይነድለታል፤ ከነጂው ሌላ እሳት አንዳጅ ይፈልጋል። ሕዝቡም ወደ አውቶቡስና ወደ ግል መኪና ማዘንበል ጀምሮ ነበር። ሐዲዱን ሁሉ ነቅሎ በከባድ ሐዲድ መተካት ደግሞ መሥመሩ ከሚያስገባው ገንዘብ ጋር የሚመጣጠን ወጪ አልነበረም። ስለዚህ መኪናውን ለመንገዱ ልክ አድርጎ መሥራት ግድ ሆነ።

ፕላኑን ያዘጋጀው በኪል ከተማ የሚገኘው የማክ ፋብሪካ ሲሆን፥ የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች በ1958 ወጡ። ርዝመቱ 12 ሜትር ያህል፥ ሞተሩ 1,100 የፈረስ ጉልበት፥ ፍጥነቱ በሰዓት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ጠቅላላ ክብደቱ 62 ቶን ያህል ሆኖ በ4 ዘንጎች ላይ ስለሚከፋፈል፥ ለአንዱ ዘንግ የሚደርሰው ከ16 ቶን አያልፍም።

ይህን ክብደት ለመቀነስ የረዳው ዋናው ነገር የኃይሉ ማስተላለፊያ ነው። በሌሎች አገሮች ብዙ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች በሞተራቸው ኤሌክትሪክ እያመነጩ፥ በኤሌክትሪኩ መንኰራኵሮቹን ያዞራሉ። ይህ የታመነ ዘዴ ቢሆንም የመዳብና የብረት ሸክሙ ብዙ ነው። ጀርመኖቹ ግን ሄርማን ፌቲንገር በ1905 ፓተንት ያወጣበትን የፈሳሽ ዘዴ መረጡ። ሞተሩ አንድ ባለ ክንፍ ጎማ ያዞራል፤ ጎማው ዘይቱን እየገፋ በፊቱ ያለውን ሌላ ባለ ክንፍ ጎማ ያስዞረዋል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ከዘይት በቀር የሚያገናኛቸው ብረት የለም። ከዚያ በኋላ ኃይሉ በረዣዥም ዘንጎች አማካይነት ወደ አራቱም የመንኰራኵር ዘንጎች ይደርሳል።

ይሁን እንጂ ቅለትም ዕዳ አለው። መንኰራኵሩ ሐዲዱን ቆንጥጦ የሚይዘው በክብደቱ ነውና፥ በጣም የቀለለ መኪና ከባድ ጭነት ሲያስነሡት በባዶው ይሽከረከራል። በፋው 100 አራቱም ዘንጎች በአንድነት የተያያዙ ስለ ሆኑ አንዱ ዘንግ ብቻውን ሊንሸራተት አይችልም። በእኔ አስተያየት የዚህ መኪና ትልቁ ብልሃት ይህ ነው፤ በዝርዝሩ ሠንጠረዥ ላይ ግን ቍጥር ስለሌለው ማንም አያየውም። ካምቢዮውም ሁለት ደረጃ አለው፤ አንደኛው እስከ 65 ኪሎ ሜትር ድረስ ለከባድ ጭነት፥ ሁለተኛው ለመንገደኛ ባቡር።

የነጂው ክፍል ከመካከል ትንሽ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው። በረዥሙ አፍንጫ ሥር ሞተሩ፥ በአጭሩ ሥር የእንፋሎት ቦይለር ይገኛል። «እንፋሎቱን ትተው እንደ ገና እንፋሎት ምን ያደርግላቸዋል?» ያላችሁ እንደ ሆነ፥ የጊዜው የመንገደኛ ፉርጎዎች በክረምት የሚሞቁት በእንፋሎት ስለ ነበረ ነው። ቦይለሩ በዘይት እየነደደ በራሱ ስለሚሠራ አንዳጅ አያስፈልገውም። ብቻውን የሚነዳው ሰው በድንገት ቢታመም ወይም ቢያንቀላፋ፥ በየጊዜው የሚረግጠው ፔዳል ሳይነካ ስለሚቀር ባቡሩ ራሱን ያቆማል።

ከዚህ በኋላ 1,350 የፈረስ ጉልበት ያለው ዓይነት ተጨመረ፤ እስከ 1966 ድረስ ሁለቱም ተደምረው 745 ተሠሩ። ምሥራቅ ጀርመንም በ1960ዎቹ ዓመታት ፋው 100 የሚባል ሎኮሞቲቭ ሠርታለች፤ ስሙ አንድ ቢሆንም መኪናው ሌላ ነው።

ከተሠሩላቸው ቅርንጫፍ መሥመሮች ብዙዎቹ በኋላ ተዘግተዋል። ከመኪናዎቹ ግን ለግል ኩባንያዎች ተሸጠው ሥራቸውን የቀጠሉ አሉ። ጥቂቶቹም በ1980ዎቹ መጨረሻ ታድሰው፥ ከሃኖቨር ወደ ቩርዝቡርግ በሚወስደው የፈጣን ባቡር መሥመር ዋሻዎች ውስጥ አደጋ ቢደርስ መንገደኞችን ለሚያወጡ የነፍስ አድን ባቡሮች መጐተቻ እንዲሆኑ ተመደቡ።