ስለ እንቅልፍ ሕመም ሕክምና ወጪና ስለ ጤና መድኅን ለጠቅላላ ስብሰባ የተደረገ ንግግር



እሑዳችሁን ትታችሁ በሰዓቱ ስለተገኛችሁ በኮሚቴው ስም እናመሰግናለን። በተለይም በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከዶሮ ማነቂያና ከእሪ በከንቱ ተነሥታችሁ፣ ዛሬ ሁለት ሦስት ታክሲ ለውጣችሁ የመጣችሁ አባሎቻችን ውለታችሁ አለብን። ቤት ቢፈርስም ማኅበር አልፈረሰም።

የዛሬው ጉዳያችን የቀብር አይደለም። ለድንኳን፣ ለንፍሮ፣ ለሐዘንተኛ ማዋጣቱን ከወላጆቻችን ተምረናል፤ በዚህ በኩል የሚያማን የለም። የምንሰንፈው ሰው ገና በሕይወት ሳለ ለሕክምና ሲቸገር ነው። ይህንንም በአንድ አባላችን ላይ በደረሰው እናስረዳለን። ከነባለቤቱ እዚሁ ተቀምጧል፤ ለሌላው ትምህርት ይሁን ብሎ እንድንናገር ፈቅዶልናል። ስሙን በጽሑፍ ባናወጣውም ታውቁታላችሁ።

አባላችን የሌሊት ዘበኛ ነው። ሲተኛ ማንኮራፋቱ ከግድግዳ ማዶ ይሰማል። ልጆች ይስቁ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኛም እንስቅ ነበር። ባለቤቱ ግን አልሳቀችም። ሲያንኮራፋ ቆይቶ በድንገት ዝም ይላል፣ ትንፋሹ ይቆማል፣ ከዚያ እንደ ታነቀ ሰው ተንፈራግጦ ይነቃል። እሷ አጠገቡ ሆና በጣቷ ትቆጥር ነበር። «ዱካክ ነው የሚጫነው» ተባለ፤ ጠበልም ሄደ። ጠበሉን የሚነቅፍ ከመካከላችን የለም፤ ጠበል የሄደ ሰው ሐኪም ቤት አይሂድ ያለም የለም። በዚህ መካከል በሥራው ላይ ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ጥሎት ተገኘና ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። ሦስተኛ ቢደገም እንጀራው ሊቋረጥ ነው።

ታዲያ ደንግጦ ምን አደረገ? ሰው ወደ መከረው የግል ክሊኒክ ሮጠ። ለደም፣ ለሽንት፣ ለልብ ምርመራ ከኪሱ ከፈለ። ቀጥሎም «ሌሊቱን ተኝተህ ትንፋሽህ መለካት አለበት» ተብሎ ወደ ሌላ ስፍራ ተላከ። ለዚህ ከማኅበሩ ሣጥን 15,000 ብር ተበደረ። ሕመሙ ታወቀለት፤ ይህ መልካም ነው። ገንዘቡ ግን ሄደ። ወረቀቱን ሰብስቦ ወደ ጤና መድኅን መስኮት ቢቀርብ ሦስት ነገር ተነገረው። አንደኛ፣ ከጤና ጣቢያ የተጻፈልህ ሪፈር የለም። ሁለተኛ፣ የታከምክበት ክሊኒክ ከመድኅኑ ጋር ውል የለውም። ሦስተኛ፣ መታወቂያህ ሳይታደስ ጊዜው አልፏል። ካመጣቸው ወረቀቶችም ገሚሶቹ ማኅተም የሌላቸው ቁርጥራጮች እንጂ ደረሰኝ አልነበሩም።

በመስኮቱ ያለችውን ልጅ አንወቅስም፤ የታዘዘችውን ነው የነገረችው። የሚወቀስ ካለ እኛ ነን። ብሩን ቆጥረን ስንሰጠው «መታወቂያህ ታድሷል ወይ? ጤና ጣቢያስ ታይተሃል ወይ?» ብለን አልጠየቅነውም። ይህ የኮሚቴው ጥፋት ነው፤ በቃለ ጉባኤ ይያዝልን።

ስለ ሕመሙ ጥቂት እንበል። ሰው ሲተኛ የጉሮሮ ሥጋ ይላላል። በአንዳንዱ ሰው፣ በተለይም አንገቱ ወፍራም በሆነ፣ ውፍረት በጨመረ፣ ዕድሜው በገፋ ሰው መተንፈሻው ይደፈናል። ትንፋሽ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲቋረጥ እንደ አንድ ይቆጠራል። በሰዓት ከ5 እስከ 15 ከሆነ ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። የአባላችን ከ30 በላይ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ሌሊቱን ሙሉ የተኛ ይመስለዋል እንጂ አልተኛም እኮ! ቀን ያንቀላፋል፣ ራሱን ያመዋል፣ የደም ግፊቱም ይጨምራል። ስለዚህ ሹፌር፣ ዘበኛ፣ ግንበኛ ሲያንቀላፋ ሰነፍ ነው ብላችሁ አትፍረዱ። መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒን ሕመሙን ያብሳሉ፤ በጎን መተኛትና ውፍረት መቀነስ ይረዳሉ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በአገራችን ለሙከራ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች ባሉ 13 ወረዳዎች ነበር፤ በኋላ አዲስ አበባም ገባ። ነገሩ እንደ ዕድር ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፣ የታመመው በሁሉም መዋጮ ይታከማል። መክፈል ለማይችል ድኻ መንግሥት ይከፍልለታል። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ ዕድር ገንዘቡን በእጃችሁ ይሰጣል፣ መድኅኑ ግን የሚከፍለው ላከማችሁ ተቋም ነው። ጤና ጣቢያው የእያንዳንዱን ታካሚ የመታወቂያ ቁጥር፣ ሕመሙን፣ ምርመራውንና መድኃኒቱን ጽፎ ሒሳብ ይጠይቃል። ወረቀቱ ተመርምሮ ትክክል ከሆነ ይከፈለዋል። እንግዲህ በራሳችን ፈቃድ ውል የሌለው ክሊኒክ ገብተን ከፍለን ብንመጣ፣ መልሱ ገንዘብ የሚወጣበት በር የለም ማለት ነው።

በሩ ጤና ጣቢያው ነው። ከዚያ ከአቅሙ በላይ ሲሆን እንደ ራስ ደስታና እንደ የካቲት 12 ወዳሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች ሪፈር ይጻፋል። ድንገተኛ አደጋ ሲሆን ግን ሪፈር አትጠብቁ፤ መታወቂያውን ይዛችሁ ሩጡ። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለመዋብ የሚደረግ ሕክምና በመድኅኑ አይካተቱም። ሌሊት አስተኝቶ የሚለካው ምርመራም እንደ ደም ምርመራ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም። ቢሆንም ግፊቱ፣ ስኳሩ፣ የደምና የሽንት ምርመራው፣ የግፊት መድኃኒቱ በመታወቂያ ይገኛል። አባላችን ከኪሱ የከፈለበት አንዱ ክፍል እኮ ይኸው ነው! መታወቂያውን አድሶ እንደገና ከጤና ጣቢያ ሲጀምር ግፊት ተገኘበት፤ አሁን መድኃኒቱን ያለ ክፍያ ይወስዳል።

አንዳንዶቻችሁ «በውጭ አገር ቢሆን ኢንሹራንስ ሁሉን ይከፍል ነበር» ትላላችሁ። የአንዲት አባላችን ታላቅ እኅት በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ የ70 ዓመት አዛውንት ናቸው፤ ይኸው ሕመም ስላለባቸው ጠይቀናቸዋል። ለዚህ ሕመም በአፍንጫ በኩል አየር እየነፋ መተንፈሻውን ክፍት የሚያደርግ ማሽን አለ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ኮሊን ሱሊቫን የተባሉ ሐኪም በአውስትራሊያ ያስተዋወቁት ነው። በአሜሪካ ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን መድኅን ይህን ማሽን የሚከፍለው ግን እንዲሁ አይደለም። በመጀመሪያ ምርመራው መደረግ አለበት። ለሕመሙ አንድ ቁጥር፣ ለምርመራው ሌላ ቁጥር ይጻፋል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ሒሳቡ ተመላሽ ይሆናል። ከዚያ ማሽኑ ለ12 ሳምንት ለሙከራ ይሰጣል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ፣ በተከታታይ 30 ቀናት ከመቶ 70 በሆኑት ሌሊቶች ቢያንስ 4 ሰዓት መጠቀም ግዴታ ነው፤ ማሽኑ ራሱ ይመዘግባል። ኪራዩ 13 ወር ሲከፈል ማሽኑ የታካሚው ይሆናል። ያም ሆኖ ከመቶ 20 የሚሆነውን ታካሚው ይችላል። እዚያም ቢሆን ያለ ወረቀት ገንዘብ የለም፤ ወረቀት የሚያስጨንቀን እኛን ብቻ አይደለም።

አባላችን ማሽኑን መግዛት አልቻለም። ዋጋው የዘበኛን የብዙ ወር ደመወዝ ይበላል። ይሁንና የሐኪም ማስረጃውን አሠሪው ተቀብሎ ለጊዜው ወደ ቀን ፈረቃ አዛውሮታል። ማስጠንቀቂያው ሦስተኛ ሳይደርስ የቆመው በዚያች ወረቀት ነው። ከብድሩ 3,000 ብር መልሷል፤ 12,000 ብር ይቀረዋል። ባለቤቱ ጉልት እየነገደች ልትከፍል ተነሥታለች።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ያቀርባል።

1ኛ. ቀሪው 12,000 ብር በየወሩ 500 ብር እየሆነ በሁለት ዓመት ይመለስ። ይሰረዝ ያላችሁ አላችሁ፤ ነገር ግን ሣጥኑ የሁላችንም ነው፣ ነገ ሌላው ይታመማል። አባላችንም ራሱ «ልክፈል» ብሏል።

2ኛ. ለሕክምና ብድር የሚጠይቅ ሁሉ የታደሰ መታወቂያና የጤና ጣቢያ ወረቀት ያሳይ። ድንገተኛ ሲሆን ብሩ ይሰጥና ወረቀቱ በኋላ ይምጣ።

3ኛ. የመታወቂያ ማደሻ ጊዜ ሲደርስ በዚህ ሰሌዳ ይለጠፋል፤ ማንበብ ለማይችሉ ሴቶቻችን ቤት ለቤት ይነግሩልናል።

4ኛ. ከሰፈር ተነሥታችሁ የሄዳችሁ አባላት መታወቂያችሁ የተጻፈው በቀድሞው ወረዳ ነው። ሳትታመሙ አሁኑኑ በአዲሱ ወረዳችሁ ጠይቁ፣ አዛውሩ።

5ኛ. ለማስታወስ ያህል፦ ከምርመራ በፊት «ይህን የሚከፍለው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መድኃኒት የለም ብለው ወደ ውጭ ከላኳችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት መድኅኑ የተዋዋለው መድኃኒት ቤት የት እንደሆነ ጠይቁ። ከኪሳችሁ ከከፈላችሁም ስማችሁና ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳትይዙ ከመስኮቱ አትነሡ። ጠይቆ መገላመጥ ሳይጠይቁ ከመክሰር ይሻላል።

በመጨረሻ ለሚስቶችና ለባሎች አንድ ቃል አለን። የሚተኛ ሰው የራሱን ትንፋሽ አይሰማም። ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚመሰክርለት አጠገቡ የተኛው ነው። አብራችሁ ሂዱ፣ ያያችሁትን ተናገሩ። እኛም ከእንግዲህ አንስቅም።

አሁን በአንድ በኩል እየተነሣችሁ አስተያየት ስጡበት፤ ከዚያም ድምፅ እንሰጣለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ፤ ስለ ኮሚቴው