አዋጁ፣ ካርታውና ቦታው፦ የአካባቢና የፕላን ሕግን በድኅረ ምረቃ ደረጃ ስለ ማጥናት



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ፍሬ ነገር አንድ ነው። የአካባቢ ሕግና የፕላን ሕግ በአገራችን በተለያዩ አዋጆች ተደንግገዋል፤ የሚያስፈጽሟቸውም መሥሪያ ቤቶች የተለያዩ ናቸው። ጉዳቱ ግን የሚደርሰው በአንድ ቦታ በሚኖር አንድ ሰው ላይ ነው። የዚህ ዘርፍ ተማሪ ተቀዳሚ ተግባር ሁለቱን ሕጎች በዚያ ቦታ ላይ አገናኝቶ ማንበብ ነው።

መለያየቱ ከቃሉ ይጀምራል። በአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 “አካባቢ” ሲባል አየሩን፣ ውኃውን፣ መሬቱንና ሕይወት ያላቸውን ነገሮች ያጠቃልላል። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 “የአካባቢ ልማት ፕላን” ሲባል ግን የአንድ ከተማ ክፍል ፕላን ማለት ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ፣ አንዱ አንባቢ ወንዙን ያስባል፤ ሌላው ሰፈሩን።

ለአብነት ቆሼን እንውሰድ። በአዲስ አበባ ረጲ የሚገኘው ይህ የቆሻሻ መጣያ አገልግሎት ሲጀምር ከከተማው ዳር ነበር፤ ከተማው እየሰፋ ሄዶ ከበበው። በምትኩ በኦሮሚያ ክልል ሰንዳፋ አጠገብ የተሠራው ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም፣ አርሶ አደሮች ባሰሙት ተቃውሞ ምክንያት ዓመት ሳይሞላው ተቋረጠ፤ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተናደ። በሥሩ የነበሩ ቤቶች ተቀበሩ፤ ከ110 በላይ ሰዎችም ሕይወታቸውን አጡ።

በዚያች ዕለት የጠቀስኳቸው ሁለቱ አዋጆች በሥራ ላይ ነበሩ። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999ም ነበረ። ከሁሉም በላይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖርን መብት፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በቀጥታ በሚመለከተው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ላይ ሐሳቡን የመግለጽን መብት ደንግጎ ነበር። ስለዚህ “ሕግ የለንም” የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ለዚህ ጉዳይ አይበቃም።

ልናጠናው የሚገባው እያንዳንዱ ሕግ ሰውን መቼ እንደሚያዳምጥ ነው። የፕላን ሕግ የሚያዳምጠው ካርታው ሲዘጋጅ ነው። የተፅዕኖ ግምገማ ሕግ የሚያዳምጠው ፕሮጀክቱ ሲቀርብ ነው። ካርታው ሲዘጋጅ ያልተሰማው የሰንዳፋ ገበሬ ወይም የቆሼ ነዋሪ፣ ፕሮጀክቱ ሲመጣ ቦታው ተመርጦ ያገኘዋል። የከተማው ፕላን በከተማው ወሰን ሲያበቃ ቆሻሻው ወሰኑን መሻገሩም ችግሩን ያከብደዋል።

ከዚህ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ጥያቄ ይወጣል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 33 መሠረት ከሳሽ በጉዳዩ ላይ መብት ወይም ጥቅም ያለው መሆን አለበት። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ግን ማንኛውም ሰው ጥቅሙን ማስረዳት ሳያስፈልገው ለባለሥልጣኑ አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቅዷል፤ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላል። ድንጋጌው ጉዳት በሚያደርስ ብቻ ሳይወሰን ጉዳት ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይም ይሠራል። እንግዲህ መኖሪያ ቤትን ከቆሻሻ ክምር ሥር የሚያስቀምጥ ወይም ዝም ብሎ የሚያልፍ ፕላን “ጉዳት ሊያደርስ የሚችል” ድርጊት ነውን? በር የተከፈተው ለብክለት ብቻ ነው ወይስ ብክለትን ለሚወልደው ካርታም ጭምር? እኔ ለካርታውም ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ጉዳት ከመድረሱ በፊት ሊቆም የሚችለው በዚያ ደረጃ ነው። ተቃራኒውን የሚያስረዳ ተማሪ ቢመጣ ግን ክርክሩን በደስታ እሰማለሁ።

ይህን ጥያቄ በቤተ መጻሕፍት ብቻ መመለስ አይቻልም። ከነጋሪት ጋዜጣ ጎን ለጎን መዋቅራዊ ፕላኑን፣ የግምገማ ሰነዱንና የሕዝብ ውይይት ቃለ ጉባኤውን ማንበብ ያሻል፤ ቀጥሎም ቦታው ድረስ ሄዶ፣ በቃለ ጉባኤው ስማቸው ያልሰፈረው እነማን እንደሆኑ መጠየቅ ይገባል። የሕግ ባለሙያ ካርታ ማንበብን፣ የፕላን ባለሙያም አዋጅ ማንበብን ካልተማረ፣ ሁለቱም የየድርሻቸውን ፈጽመው ሰው ሊሞት ይችላል። የድኅረ ምረቃ ትምህርታችን ሊከለክለው የሚገባው ይህንን ነው።