ሩዙ ነጭ ሲሆን ምን እናጣለን?



ሩዝ ወደ ፎገራ ሜዳ የገባው በደርግ ዘመን ነው። ዛሬ ከወረታ ዙሪያ ማሳ አልፎ መሶባችን ደርሷል፤ ዱቄቱም ከጤፍ ተደባልቆ እንጀራ ይጋገራል። ገበያ ስንወጣ ግን አብዛኞቻችን የምንመርጠው በደንብ የተፈተገውን፣ ነጩን ሩዝ ነው። ለመሆኑ ሲፈተግ ከላዩ የሚነሣው ምንድን ነው?

መልሱን ያሳየን በሐኪም ቤት ራጅ የምንለው፣ ሬንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ያገኘው ጨረር ነው። በተለመደው ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖ ሜትር ገደማ ያነሰ ነገር ተለይቶ አይታይም፤ አንድ ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ እጅ ነው። የራጅ ሞገድ ግን እጅግ አጭር ነው። ክብ በክብ በተደረደሩ ረቂቅ ቀለበቶች ተሰብስቦ አሥር ናኖ ሜትር ያህል ትንሽ የሆነውን እንኳ ለማየት አስችሏል። ከዚህም በላይ ጨረሩ በስሱ በተቆረጠ የሩዝ ፍሬ ላይ ሲያርፍ ብረቱም ዚንኩም የየራሳቸውን መለያ ጨረር ይመልሳሉ። ስለዚህ የትኛው ማዕድን የት እንዳለ በካርታ ይወጣል።

በካርታው ላይ ብረቱ በብዛት የታየው በፍሬው የውጭ ሽፋንና በሚበቅልበት ጫፉ ነው። ዚንኩ ግን ወደ ውስጥም ይዘልቃል። እንግዲህ በፍተጋ ፉርሽካ ሆኖ የሚቀረው ደም ያነሳት እናት የምትፈልገው ብረት ያለበት ክፍል ነው ማለት ነው። ነጩን እኛ እንበላለን፤ ፉርሽካውን ከብቱ ይበላል።

እርግጥ ይህ ብረት ፋይቴት በሚባል ንጥረ ነገር የተያዘ በመሆኑ ሰውነታችን ሁሉንም አይወስደውም። ሊጥ ሲቦካ ግን ፋይቴቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙ ያልተፈተገ ሩዝ አስፈጭቶ ከጤፍ ጋር አብኩቶ መጋገር ይበጃል። ፉርሽካው ቅባት ስላለው ዱቄቱ ቶሎ ይበላሻልና በጥቂት በጥቂቱ እናስፈጭ።

ለዚህ ምርምር የሚሆን ብርቱ ጨረር የሚያመነጩ ግዙፍ ማዕከላት በአፍሪካ ገና የሉም። በዮርዳኖስ ግን ግብፅ፣ ፓኪስታን፣ ኢራንና ፍልስጤምን ጨምሮ በርካታ አገሮች በጋራ ያቋቋሙት ሴሳሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ተመርቋል። ወረታም የራሷ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አላት። ልጆቻችንን በፊዚክስና በግብርና ትምህርት ብናበረታ የፎገራን ሩዝ በእንዲህ ዓይነቱ ጨረር የሚመረምሩት እነርሱ ይሆናሉ።

አላህ የሰጠንን ሲሳይ ጥቅሙን አውቀን የምንመገብ ያድርገን።