ጸጥተኛው የወይን ሸለቆና የሀብሩ ፍራፍሬ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለጥሪ እንግዶች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትና አመራሮች፣
የተከበራችሁ የዞን፣ የወረዳና የከተማ አስተዳደር የሥራ ኃላፊዎች፣
ጥሪውን አክብራችሁ ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ቀበሌዎች የመጣችሁ እንግዶች በሙሉ፣



በበዓል ቀን ያለፈውን ሥራ ማወደስ የተለመደ ነው። የዚህ ንግግር ርዕስ ግን ወይን ነው። ወይን የሀብሩ ዋና ሰብል እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። የሀብሩ አርሶ አደር የሚታወቀው በጤፉ፣ በማሽላውና በማሾው፣ ውኃ በደረሰበት ደግሞ በብርቱካኑ፣ በማንጎውና በፓፓያው ነው። ታዲያ ስለ ወይን መናገር ለምን አስፈለገ? ጠባብ መሬት ያለው ገበሬ በጥራትና በስም እንዴት መኖር እንደሚችል የወይንን ያህል በግልጽ የሚያሳይ ሰብል ጥቂት በመሆኑ ነው።

ወይን በኢትዮጵያ

ወይን ለኢትዮጵያ እንግዳ ተክል አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ከዘቢብ ነው። የደረቀው የወይን ፍሬ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ ይጨመቃል። በአማራ ክልልም ቢሆን ወይን የራሱ አገር ነበረው። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ዛሬ ሊቦ ከምከም በሚባለው ወረዳ የሚገኙት የይፋግና የቃሮዳ አካባቢዎች በወይናቸው የታወቁ ስለነበሩ የአውሮፓ ተጓዦች በማስታወሻቸው ያነሷቸዋል። ያ ዝና ግን እንደ ገበያ ምርት እስከ ዛሬ አልዘለቀም። ስም የሚጠብቀው ካላገኘ እንደሚጠፋ ይህ አንድ ማስረጃ ነው።

በሕዝቡ ዘንድ የድግሱ መጠጥ ሆኖ የኖረው የማር ጠጅ ነው። "ወይን ጠጅ" የሚለው ቃል ራሱ ስሙን የተዋሰው ከማሩ ጠጅ ነው። የላስታን ማር የቀመሰ ሰው ማር የበቀለበትን አበባና የአየሩን ጠባይ እንደሚናገር ያውቃል። ወይንም እንዲሁ ነው፤ የአፈሩን ነገር ይናገራል።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ ከ70 ዓመት በላይ ዕድሜ ካስቆጠረው ከአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ቀጥሎ ትልቁ እርምጃ የታየው በስምጥ ሸለቆ ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 በዝዋይ (ባቱ) ከፈረንሳይ ያመጣቸውን የወይን ችግኞች መትከል ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ለገበያ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ከተከላ እስከ ጠርሙስ 7 ዓመት ማለት ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ መርሳም በተቀራራቢ ከፍታ ላይ ትገኛለች።

በአውሮፓ ወይን በብርዱ ወራት ቅጠሉን አርግፎ ያርፋል። በኢትዮጵያ ግን ብርዱ ስለማያስተኛው የሚያሳርፈውም የሚቀሰቅሰውም የገበሬው መቀስ ነው። ፍሬው ዝናብ ባቆመበት ወቅት እንዲበስል ግረዛው ቀን ተቆጥሮ ይከናወናል። ዝናብ ላይ የደረሰ ወይን ውኃ ያዝላል፣ ሻጋታም ያጠቃዋል።

ይሁን እንጂ በዝዋይ የወይኑ ማሳና ፋብሪካው የአንድ ኩባንያ ሥራ ናቸው። ጠባብ ማሳ ያላቸው ገበሬዎች ተሰባስበው የወይን ጠጅ ባለቤት የሆኑበትን ታሪክ ለማየት ወደ ሌላ አገር መሻገር ያስፈልጋል።

የአር ሸለቆ

በጀርመን አገር ለወይን በሕግ የተለዩ 13 አካባቢዎች አሉ። ከእነዚህ መካከል በስፋቱ ከትንሾቹ የሚመደበው የአር ወንዝ ሸለቆ ነው። ወንዙ ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን መጨረሻው ታላቁ የራይን ወንዝ ነው። የወይኑ መሬት በጠቅላላ ወደ 560 ሄክታር ብቻ ነው። የራይን ወይን በዓለም ሲወራ የአር ስም በዝግታ የሚነሳ፣ ጸጥ ያለ አካባቢ ነው።

መሬቱ ለእርሻ የሚመች አይደለም። ወንዙ በቋጥኝ መካከል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ገበሬዎቹ ዳገቱን በድንጋይ ካብ እርከን እየሠሩ በየደረጃው ወይን ተክለውበታል። የወሎ ገበሬ ይህን ሥራ ቢያየው ወዲያው ያውቀዋል። እርከን ምን ያህል ጉልበት እንደሚበላ፣ አንዱ ድንጋይ ሲወድቅም ምን እንደሚከተል የሚያውቅ ሰው ነውና። ብዙው ማሳ ትራክተር የማይወጣው በመሆኑ ግረዛውም ለቀማውም በእጅ ነው።

አገሩ ብርዳም ሆኖ ሳለ ከአር ማሳ አብዛኛው የተያዘው ሙቀት በሚወደው በቀይ ወይን ነው። ምክንያቱ ድንጋዩ ነው። በዳገቱ ላይ እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተሰነጠቀ የሚነሳ ጥቁር ድንጋይ አለ። ቀን የፀሐይን ሙቀት ይይዛል፣ ሌሊት ለተክሉ ይመልሳል። ዳገቱም ወደ ደቡብ ስለሚያይ ፀሐይ አያልፈውም። ዋናው ዝርያ ጀርመኖች ሽፔትቡርጉንደር፣ ፈረንሳዮች ፒኖ ኗር የሚሉት ነው። ቀጭን ልጣጭ ያለው፣ ቶሎ የሚጎዳ፣ እንክብካቤ የሚፈልግ ፍሬ ነው። ከእርሱ ሌላ ቀደም ብሎ የሚደርስ ፍሩቡርጉንደር የሚባል ዝርያ ይተከላል። ከዚህ የሚገኘው ወይን ጠጅ ቀለሙ ፈካ ያለ፣ ጣዕሙ ለስላሳ፣ ሽታው እንጆሪን የሚያስታውስ ነው። ቀማሾቹ ከጀርባው የድንጋዩ ነገር ይታወቃል ይላሉ።

እንግዲህ ለሌላ ሰብል እርግማን የሆነው ድንጋይ ለዚህ ተክል በረከት ሆነ። ገበሬው መሬቱን ጠንቅቆ ካወቀ ጉድለቱ ራሱ መታወቂያው ይሆንለታል።

18ቱ መሥራቾች

መልካም መሬትና መልካም ፍሬ ብቻውን ግን አላበላም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአር ገበሬ ድኻ ነበር። ወይኑ የሚበላሽ ምርት ነው። ማጠራቀሚያ በርሜልና ምድር ቤት የሌለው ሰው በለቀማ ቀን የተሰጠውን ዋጋ ከመቀበል ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ዋጋውን የሚቆርጠው ነጋዴው ነበር። ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ወደ አሜሪካ ተሰደዱ።

በዚያው ዘመን ከአር ሸለቆ ብዙም በማይርቅ ስፍራ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ራይፋይዘን የተባለ የወረዳ ሹም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1846/47 በረሃብ ክረምት ለድኾች ዳቦ የሚያቀርብ ማኅበር አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1864 ደግሞ ገበሬዎች በጋራ ዋስትና የሚበደሩበትን ማኅበር መሠረተ። ዛሬ የገጠር ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ሲነሳ ስሙ አብሮ ይነሳል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1868 በአር ዳርቻ በምትገኘው በማይሾስ መንደር 18 የወይን ገበሬዎች ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ። ይህ ማኅበር ከዓለም የወይን አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መካከል በአንጋፋነቱ የሚጠቀስ ነው። ያደረጉት ነገር ውስብስብ አልነበረም። መጭመቂያውን፣ በርሜሉንና ምድር ቤቱን የጋራ አደረጉ። ወይኑ በጋራ ሲቀመጥ የመጠበቅ አቅም ተገኘ። መጠበቅ የሚችል ሻጭ ደግሞ ዋጋ መናገር ይችላል።

የወይን ኅብረት ሥራ ማኅበራትን ያቆሙ ሁለት ደንቦች አሉ። አንደኛው አባል የሆነ ገበሬ ምርቱን በሙሉ ለማኅበሩ ያስረክባል የሚለው ነው። ምርጡን ለነጋዴ፣ ተራውን ለማኅበሩ ማድረግ አይፈቀድም። ሁለተኛው ክፍያው በክብደት ብቻ ሳይሆን በጥራት ይሁን የሚለው ነው። ፈርዲናንድ ኤክስሌ የተባለ ጀርመናዊ በሠራው መለኪያ የወይኑ ጭማቂ ምን ያህል ስኳር እንዳዘለ ይለካል። ጣፋጭ ወይን ያመጣ ብዙ ያገኛል፣ ያልበሰለ ያመጣ ያነሰ ያገኛል። መለኪያው ለዘመድም ለባዳም አንድ ነው። ስለዚህም ጭቅጭቁ ይቀንሳል፣ መተማመኑ ይጨምራል።

ክፉ ቀን ሲመጣ

ማኅበር የሚፈተነው በክፉ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 14 ቀን 2021፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 7 ቀን 2013 ዓ.ም ሌሊት የአር ወንዝ ከመጠን በላይ ሞልቶ ሸለቆውን አጥለቀለቀ። በሸለቆው ከ130 በላይ ሰዎች ሞቱ። ድልድዮች፣ ቤቶችና የወይን ምድር ቤቶች ተወሰዱ። የማይሾሱ ማኅበርም ከተጎጂዎቹ አንዱ ነበር። በዳገቱ ላይ ያለው ወይን ግን አብዛኛው ተርፎ ስለነበር ከሌሎች የወይን አካባቢዎች ገበሬዎችና በጎ ፈቃደኞች መጥተው ለቀማውን አገዙ። ከጭቃ የወጡት ጠርሙሶች ሳይታጠቡ እንዳሉ ለሽያጭ ቀርበው ለሸለቆው ወይን አምራቾች ከ4 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሰበሰበ።

በተከታዩ ወር፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም፣ ጦርነቱ ወልድያ ገባ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ድረስ የሰሜን ወሎ ሕዝብ ያየውን መከራ በዚህ አዳራሽ ላለ ሰው መንገር አያስፈልግም። ሰው ሞቷል፤ ቤት፣ መጋዘን፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ተዘርፏል። ጎርፍና ጦርነት አንድ አይደሉም፤ የአንዱ አገር ሀብትና የሌላው ድኽነትም አይነጻጸርም። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ነው፦ ከጥፋቱ በኋላ የቆመው ሰው ብቻውን የቆመ አይደለም። አባላቱን በስም የሚያውቅ፣ መዝገብ ያለው፣ የሚታመን ማኅበር እርዳታ ሲመጣም ብድር ሲገኝም በር ይሆናል።

ለሀብሩ ምን ይጠቅማል?

ከዚህ ሁሉ የሚወሰደው ትምህርት "ነገ ወይን ትከሉ" የሚል አይደለም። 7 ዓመት የሚጠብቅ ካፒታል በሌለበት እንዲህ ያለ ምክር መስጠት አርሶ አደሩን ማሳሳት ይሆናል። ወይን መሞከር ካስፈለገም የመጀመሪያው ቦታ የምርምር ማሳ ነው፤ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል በዚሁ በሀብሩ ይገኛል።

ጥያቄው በእጅ ስላለው ፍራፍሬ ነው። ከመርሳ ወደ ደሴና ወደ ወልድያ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ የመርሳን ፍራፍሬ ያውቃል። ሆኖም ፍሬው አይሱዙ ላይ ተጭኖ ከተማ ሲገባ ስሙን እዚሁ ትቶት ይሄዳል። ዛፍ ላይ እያለ በግምት የሚሸጥ አለ። ደላላው የቆረጠውን ዋጋ ተቀብሎ የሚመለስም አለ። ብርቱካንና ማንጎ እንደ ወይን ሁሉ ቀን የማይሰጡ ምርቶች ናቸው። የማይሾስ ገበሬ በ1868 የነበረበት ቦታ ይኸው ነው።

ስም ገንዘብ መሆኑን ኢትዮጵያ በቡናዋ አይታለች። መንግሥት የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋጨፌ ስሞችን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተነሥቶ፣ ከረጅም ክርክር በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 ከአሜሪካው ስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ደርሷል። በአር ሸለቆም ቢሆን ከሸለቆው ውጭ የበቀለ ወይን በአር ስም አይሸጥም። "የመርሳ ብርቱካን" የሚለው ስም ግን ዛሬ ማንም የትም ለቀመውን ፍሬ የሚጠራበት ነው።

ስም የሚጠበቀው በወረቀት ብቻ አይደለም። በአንድ ሳጥን ውስጥ ከላይ ጥሩ፣ ከታች የተጨፈለቀ የሚያስገባ አባል የጎረቤቱን ስም ይሸጣል። ለማኅበሩ ተራውን አምጥቶ ምርጡን በጓሮ በር ለነጋዴ የሚሰጥም እንዲሁ። ነጋዴው ሁለት ብር ጨምሮ ሲገዛ ለዚያ ገበሬ አስቦ አይደለም። ማኅበሩ ባዶ ሲቀር በሚቀጥለው ዓመት ዋጋውን ብቻውን ስለሚቆርጥ ነው።

ጥፋቱ ግን የአባሉ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። አባል ምርቱን የሚያሸሸው ማኅበሩ ሲያዘገይበት ነው፤ ሚዛኑን ሲጠራጠር ነው፤ የትርፍ ክፍፍል ሲጠብቅ ሪፖርት ብቻ ሲሰማ ነው። በመሆኑም ከአመራሩ የሚጠበቀው ሚዛኑ በአባሉ ፊት እንዲመዘን፣ ደረጃው በግልጽ እንዲነገር፣ ከርክክቡ ቀን ቢያንስ ከፊሉ ክፍያ እንዲፈጸም፣ ቀሪው ከሽያጭ በኋላ በደረሰኝ እንዲከፈል ማድረግ ነው። ከመንግሥት አካላት የሚጠበቀው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ኦዲቱን በጊዜው ማድረስ፣ ከጊራና መስኖ እስከ ዋናው መንገድ ያለውን መንገድ መጠገን፣ ፍሬ ከፀሐይ የሚጠለልበትን መሰብሰቢያ ማሠራት ነው። እነዚህ ተራ ሥራዎች ይመስላሉ። የማይሾሶች በርሜልና ምድር ቤትም ተራ ነገር ነበር።

አበው "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይላሉ። ይህ ተረት ለሀብሩ ሰው ከሌላው ይልቅ ቅርብ ነው፤ ሎሚውም ብርቱካኑም በእጁ ነውና። ከፊታችሁ ያለው የፍራፍሬ ለቀማ ሲደርስ እያንዳንዱ አባል አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ከጓሮዬ የመጀመሪያውና ምርጡ ሳጥን ወዴት ይሄዳል? የዚህ ዩኒየን ቀጣይ ዕድሜ የሚወሰነው በዚያ መልስ ነው።

ዝናሙ በወቅቱ ይዝነብ፣ ምርቱ ይባረክ፣ አገር ሰላም ይሁን!