ስለ ጉንጉን የዓሣ ማጥመጃ ክር ጥቅምና ጉዳት
(ለከተማ ነዋሪዎችና ለአስተዳደር ሠራተኞች የተዘጋጀ ንግግር)



በባሕር ዳር የሚኖር ሰው ዓሣን በገበያ ባየ ጊዜ ስለ ዋጋው ይከራከራል እንጂ፣ ያ ዓሣ ከባሕሩ ጥልቀት ተነሥቶ እስከ ታንኳው ድረስ በምን ተንጠልጥሎ እንደ መጣ ብዙ ጊዜ አያስብም። በእጅ ክር የተጠመደ ዓሣ የመጣው ከአንድ ጅማት በማይወፍር ክር ተንጠልጥሎ ነው። ክሩ ከተበጠሰ ዓሣው የለም፤ ዓሣው ከሌለም ለአጥማጁ ቤተሰብ የዕለት እንጀራ፣ ለነጋዴው ሸቀጥ፣ ለከተማውም ምግብ የለም። ስለዚህ የክር ጉዳይ ታናሽ ነገር መስሎ ቢታይም የብዙ ሰው ኑሮ የተቋጠረበት ነገር ነው።

የዚህ ንግግር ርእስ ጉንጉን ክር የሚባለው ነው። ይኸውም እጅግ ቀጫጭን የሆኑ ፈትሎች አራት ወይም ስምንት ነዶ ሆነው እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው የሚሠሩት ክር ነው። ከእርሱ ጋር የሚወዳደረው ደግሞ ከናይሎን የሚሠራው፣ እንደ ብርጭቆ የሚያሳየው፣ ጉንጉን የሌለው ነጠላ ክር ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአበው ተረት ለጉንጉኑ ክር የተነገረ ይመስላል፤ ነገር ግን ያበረው ድር ሁሉ በየትም ቦታ አንበሳ ያስራል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በታች ይገለጻል።

መጎንጎን ራሱ አዲስ ጥበብ አይደለም። ሰው ናይሎንን ከማወቁ በፊት በጥጥ፣ በተልባ እግርና በሐር ክር ዓሣ ያጠምድ ነበር። እነዚያ ክሮች ውሃ ስለሚጠጡና ስለሚበሰብሱ፣ አጥማጁ ከባሕር በተመለሰ ቁጥር ዘርግቶ ማድረቅ ነበረበት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 ዋላስ ካሮተርስ የተባለው የአሜሪካ ኬሚስት በዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ ናይሎንን ሠራ፤ በ1939ም ኩባንያው ነጠላውን የናይሎን ክር ለዓሣ ማጥመጃ ማቅረብ ጀመረ። ክሩ የማይበሰብስ፣ ዋጋው ቀላል፣ በውሃም ውስጥ ለዓሣ ዓይን እምብዛም የማይታይ በመሆኑ በዓለም ሁሉ ተሠራጨ። ዛሬ በገበያ የሚታየው ብርቱ ጉንጉን ክር ግን የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። በ1979 ፖል ስሚዝና ፒት ሌምስትራ የተባሉ ኬሚስቶች በኔዘርላንድ፣ በዲ.ኤስ.ኤም. ኩባንያ ሲሠሩ፣ ፖሊኢቲሊን የተባለውን ፕላስቲክ አሟሙቶ እጅግ ብርቱ ፈትል አድርጎ የማውጣትን ዘዴ አገኙ። ከ1990 ጀምሮም ፈትሉ በሄርለን ከተማ በፋብሪካ ይመረት ጀመር። እንግዲህ ጉንጉኑ ያረጀ፣ ፈትሉ ግን አዲስ ነው።

ከጥቅሙ መጀመር ተገቢ ነው። አንደኛው ጥቅም በቅጥነቱ ብርታት ማግኘቱ ነው። 13 ኪሎ ግራም ተኩል ያህል የሚሸከም ጉንጉን ክር ውፍረቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ነጠላው ናይሎን ግን ይህንኑ ክብደት ለመሸከም ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ መወፈር አለበት። ቀጭን ክርን የባሕር ሞገድ ብዙ አይገፋውም፤ ስለዚህ አጥማጁ በጥቂት እርሳስ መንጠቆውን ወደ ታች ያደርሳል።

ሁለተኛው ጥቅም አለመለጠጡ ነው። ናይሎን ሊበጠስ በተቃረበ ጊዜ ከመቶ 20 እና ከዚያም በላይ ይለጠጣል፤ ጉንጉኑ ግን ከመቶ 5 እንኳ አይደርስም። መንጠቆው በ60 ሜትር ጥልቀት ሲሆን ዓሣው ምግቡን በከንፈሩ ቢነካ፣ በጉንጉኑ ክር የተነካው ነገር ወዲያው በጣት ይሰማል፤ በናይሎኑ ግን ንክኪው በመለጠጡ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። ሦስተኛው ጥቅም ውሃ አለመጠጣቱ ነው። ናይሎን ውሃ ሲጠጣ ብርታቱ በመጠኑ ይቀንሳል፤ በፀሐይም ይደክማል። ጉንጉኑ ግን በጥንቃቄ ከተያዘ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል፤ ስለዚህ የመግዣው ዋጋ ከናይሎን የበለጠ ቢሆንም ውሎ አድሮ ሊካስ ይችላል።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው «እንግዲያው ናይሎኑን ጥሎ ጉንጉኑን መግዛት ነው» ይል ይሆናል። ነገር ግን ባሕሩ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በምፅዋና በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ያለው ቀይ ባሕር የኮራል ድንጋይ የሞላበት ነው። በሁሪና በሳምቡክ እየወጡ በእጅ ክር የሚያጠምዱ ሰዎች የሚፈልጉት ግሩፐርና ቀይ ዓሣ የሚኖረው በዚሁ ድንጋይ ዋሻ ውስጥ ነው፤ መንጠቆ እንደ ነከሰውም መጀመሪያ የሚያደርገው ወደ ዋሻው መሮጥ ነው። የጉንጉኑ ክር ጉዳት የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማስረዳት ይሻላል። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ሁሪ ወጡ እንበል። ታላቁ አንድ ሚሊ ሜትር የሚወፍር አሮጌ ናይሎን ይዟል፤ ታናሹ ከባለሱቅ በዱቤ የወሰደውን አዲስ ጉንጉን ክር ይዟል፤ መንጠቆውንም በቀጥታ ከእርሱ ላይ አስሯል። ዓሣ የሚነካው ዘወትር የታናሹን ክር ነው፤ እርሱም ደስ ብሎት ክሩን በመዳፉ ዙሪያ ጠምጥሞ ይዞታል። ድንገት ታላቅ ዓሣ ነክሶ ወደ ድንጋዩ ሮጠ። የማይለጠጠው ቀጭን ክር እንደ ምላጭ ሆኖ የልጁን ጣቶች ቆረጠ፤ ወዲያውም ከኮራሉ ስለት ጋር ተፋተገና ተበጠሰ። ዓሣው ከነመንጠቆው ሄደ፤ ከክሩም አርባ ሜትር ያህል ድንጋዩ ላይ ተጠምጥሞ ቀረ። ታላቁ ያወጣው ዓሣ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ያወጣው በታንኳው ውስጥ አለ። ታናሹ ግን የቆሰለ እጅና የባለሱቅ ዕዳ ይዞ ተመለሰ፤ ቁስሉም እስኪድን ድረስ ባሕር አይወጣም።

በመንገድም ላይ «ጋሼ፣ ይህን ክር ልጣለው?» ብሎ ቢጠይቀው ታላቁ «አትጣለው፤ ጫፉን ለውጥለት» ብሎ ይመልስለታል። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገርም በዚህ ቃል ውስጥ ይገኛል።

የደረሰው ጉዳት ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጉንጉን ክር ቀጥ ብሎ ሲሳብ ብርቱ ነው፤ ተወጥሮ ሳለ በስለታም ድንጋይ ሲፋተግ ግን እያንዳንዱ ቀጭን ፈትል በየተራው ይቆረጣል። ወፍራሙ ናይሎን ድንጋዩ ቢፍቀውም ገላው ብዙ ስለሆነ ቶሎ አይበጠስም። አለመለጠጡም እንደዚሁ ሁለት ፊት አለው፤ ንክኪውን ለጣት እንደሚያደርስ ሁሉ፣ የዓሣውን መፈራገጥ ሳያበርድ ስለሚያደርሰው የዓሣውን አፍ ይቀዳል፤ ወይም መንጠቆውን ያጣምማል፤ ወይም እጅ ይቆርጣል። በጠራ ውሃም ውስጥ ጉንጉኑ ክር ለዓሣው ጎልቶ ይታያል።

ቋጠሮውም ሌላ ጉዳይ ነው። ይህ ፈትል ለስላሳና አንሸራታች ስለሆነ ለናይሎን የሚበቃው ቋጠሮ በእርሱ ላይ ተንሸራቶ ይፈታል። የሚሻለው ክሩን አጥፎ ድርብ ማድረግ፣ ድርቡን በመንጠቆው ዓይን ማሳለፍ፣ በድርቡ አንድ ላላ ያለ ቋጠሮ መቋጠር፣ ከዚያም በጫፉ የቀረውን ቀለበት መንጠቆው እንዲያልፍበት አድርጎ ማጥበቅ ነው። ከማጥበቅም በፊት በውሃ ማርጠብ ይገባል፤ ፈትሉ በ145 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚቀልጥ በመሆኑ ደረቅ ሆኖ ሲፋተግ በሚፈጠረው ሙቀት ሊጎዳ ይችላልና።

እንግዲህ መፍትሔው ሁለቱን ክሮች ማጋባት ነው። ዋናው ረጅሙ ክር ጉንጉኑ ይሁን፤ ከመንጠቆው በላይ ያለው ከሦስት እስከ አምስት ሜትር የሚሆነው ጫፍ ግን ወፍራም ነጠላ ናይሎን ይሁን። እንዲህ ሲሆን ንክኪውን ጉንጉኑ ለእጅ ያደርሳል፤ ድንጋዩን ናይሎኑ ይጋፈጣል። ዋናው ክር 45 ኪሎ ግራም የሚሸከም ከሆነ ጫፉ 36 ኪሎ ግራም ያህል የሚሸከም ቢሆን መልካም ነው፤ መንጠቆው ከድንጋይ ተጣብቆ መበጠስ ግዴታ ሲሆን ጫፉ ብቻ ይበጠስና ዋናው ክር ይተርፋል። እርሳሱንም ደከም ባለ ክር ለብቻው ማሰር የታወቀ ብልሃት ነው፤ ድንጋዩ እርሳሱን ሲይዘው እርሳሱ ብቻ ይቀራል እንጂ ዓሣው አብሮ አይጠፋም።

ስለ እጅ ጥንቃቄ ደግሞ ሁለት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ ማንኛውንም ክር ይልቁንም ጉንጉኑን በእጅ፣ በጣት ወይም በእግር ዙሪያ ፈጽሞ አለመጠምጠም ነው። ሁለተኛ፣ ጠንካራ የእጅ ጓንት ማድረግ ነው፤ ጓንት የታጣ እንደ ሆነ ከብስክሌት ጎማ ውስጥ የሚወጣውን ላስቲክ ቆርጦ በጣቶች ላይ ማጥለቅ ይቻላል። ከእንጨት መጠቅለያ ጋር የሚሠራም ሰው የሚሮጥ ዓሣን በመጠቅለያው እንጂ በባዶ መዳፉ አያቁም።

ኮራል በሌለበት ውሃ ነገሩ ይለያል። ለምሳሌ በኢትዮጵያ በጫሞ ሐይቅና በባሮ ወንዝ ናይል ፐርች የተባለውን ታላቅ ዓሣ በዘንግ ለሚያጠምድ ሰው የጉንጉኑ ክር ጥቅም ከጉዳቱ ያመዝናል። በዚያም ቢሆን የዛፍ ሥርና ግንድ ስላለ ወፍራሙ ጫፍ አይቀርም፤ ክሩም በመጠቅለያው ላይ እንዳይንሸራተት አስቀድሞ ጥቂት ሜትር ናይሎን መጠቅለል ያስፈልጋል።

እስካሁን የተነገረው የአጥማጁን ጥቅም የሚመለከት ነው። የሕዝብ ጉዳይ የሚሆነው ደግሞ የተበጠሰው ክር ነው። ጥንታዊው የጥጥ ክር በባሕር ቢቀር ይበሰብስ ነበር፤ ጉንጉኑም ናይሎኑም ግን ፕላስቲክ ስለሆኑ ለብዙ ዘመን ሳይበሰብሱ ይኖራሉ። ናይሎን ከውሃ ስለሚከብድ ይሰጥማል፤ የፖሊኢቲሊኑ ጉንጉን ክር ግን ከውሃ ስለሚቀል፣ ቁራጩ በባሕሩ ላይ ይንሳፈፋል። በሞተር ጀልባ መዘውር ላይ ይጠመጠማል፤ የባሕር ኤሊና የባሕር ወፍ አንገትና እግር ያንቃል፤ በኮራሉም ላይ የተያዘው ሞገድ በነቀነቀው ቁጥር ኮራሉን ይፍቃል። ኮራሉ የዓሣው ቤት ነው፤ ቤቱ ሲፈርስ ዓሣው ይሰደዳል፤ ክሩን የጣለው ሰውም ነገ መንጠቆውን የሚጥለው በባዶ ድንጋይ ላይ ይሆናል።

በዚህ ነገር እያንዳንዱ የድርሻውን ሊሠራ ይችላል። አጥማጁ የተበጠሰውንና ያረጀውን ክር በታንኳው ውስጥ በከረጢት አኑሮ ወደ ወደብ ይመልስ። ባለሱቁ ጉንጉን ክር ሲሸጥ ለጫፉ የሚሆነውን ናይሎን አብሮ ያቅርብ፤ የሚሸከመውንም ክብደት ለገዢው ያስረዳ፤ በዱቤ የሸጠው ክር በመጀመሪያው ቀን ድንጋይ ላይ ቢቀር ዕዳውም አብሮ እንደሚዘገይ ያስብ። የአስተዳደር ሠራተኛውም በጀልባ ማቆሚያው አጠገብ የአሮጌ ክር ማጠራቀሚያ ሣጥን ያስቀምጥ፤ ሞልቶም ነፋስ መልሶ ወደ ባሕር እንዳይበትነው በጊዜው እንዲነሣ ያድርግ። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ትጋት ነው።

በመጨረሻም፣ የክር ብርታት የሚለካው በመጠቅለያው ላይ በታተመው ቁጥር አይደለም። ክር ብርቱ የሚሆነው በሚደክምበት ቦታ ላይ በታየው መጠን ነው፤ ይኸውም በቋጠሮው፣ ድንጋይ በሚነካው ጫፍና በያዘው ሰው እጅ ላይ ነው። ጉንጉኑን ክር የሚገዛ ሰው እነዚህን ሦስት ቦታዎች አስቀድሞ ካሰናዳ መልካም መሣሪያ አግኝቷል፤ ካላሰናዳ ግን በብዙ ገንዘብ የገዛው ብርታት የሌላውን ድካም እየጎተተ ያወጣበታል። የታናሹ ወንድም ክር የተበጠሰው ክፉ ክር ስለ ነበረ አይደለም፤ ያለ ቦታው ስለ ዋለ ነው። እጁ ድኖ ጫፉን ለውጦ በሚወጣ ጊዜ ያው ክር ዕዳውን ሊከፍልለት ይችላል።