የእድር ጥሩንባና የመልእክት አደራ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ መንገድ፣ ስለ ድልድይና ስለ ውኃ ቧንቧ ሲናገር መስማት የተለመደ ነው። ስለ እድር ጥሩንባ ሲነሣ ግን ጉዳዩ የሽማግሌዎች እንጂ የባለሙያ አይደለም የሚል ሰው አይጠፋም። ይሁን እንጂ በጎንደር ከተማም ሆነ በሰሜን ጎንደር ደጋ፣ ሰውን ገና ሳይነጋ ከመኝታው አስነሥቶ ለአንድ ተግባር የሚያሰልፈው የእድር መልእክት ነው። መልእክት ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ለብዙ ሰው ሳይዛባ በጊዜው መድረስ ያለበት ከሆነ ደግሞ፣ ጉዳዩ የምሕንድስና ጉዳይ መሆኑ አይቀርም።

ጎንደር ለዐዋጅ እንግዳ አይደለችም። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማዋን ከቆረቆሩ ወዲህ፣ የቤተ መንግሥት ቃል ነጋሪት እየተጎሰመ ለሕዝብ ይነገር ነበር። በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የመንግሥት የሕግ ጋዜጣ «ነጋሪት» የተባለውም በዚሁ ከበሮ ስም ነው። ነጋሪት የገዢውን ቃል ለተገዢው ያደርስ ነበር፤ ጥሩንባ ግን የጎረቤትን ቃል ለጎረቤት ያደርሳል።

እንደሚታወቀው የእድር አባል በየወሩ መዋጮውን ይከፍላል። ሞት በደረሰ ጊዜ መርዶው በቅድሚያ ለእድሩ ሹሞች ይነገራል። ጥሩንባ ነፊው በየመንደሩ እየዞረ፣ ያረፈው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ሥርዐተ ቀብሩ በየትኛው ቤተ ክርስቲያንና በስንት ሰዓት እንደሚፈጸም ያሰማል። ከዚያ በኋላ ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበሩና ድስቱ ይወጣል፣ እዝን ይዘጋጃል። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ አባል ይቀጣል።

የድምፁ አካሄድ ራሱ ሊጤን የሚገባው ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚፈጅበት ሦስት ሰከንድ ገደማ ነው። በቀትር ጊዜ መሬቱ ስለሚግል በአጠገቡ ያለው አየር ይሞቃል፤ በዚህም ምክንያት ድምፁ ወደ ላይ ይታጠፍና ቶሎ ይጠፋል። ሰማዩ በጠራበት፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ግን መሬቱ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛው አየር ከታች፣ ሞቃቱ ከላይ ይሆናል፤ ድምፁም ወደ መሬት እየታጠፈ ርቆ ይሄዳል። ጥሩንባ ነፊው ይህን ከመጽሐፍ ባይማረውም ሰዓቱን የመረጠው በልኩ ነው። ሆኖም ሸንተረር ድምፅን ይጋርዳል። ከ2,500 ሜትር በላይ ባለው የደባርቅ ደጋ፣ ከአንዱ ጉብታ የተነፋው ከማዶው ሸለቆ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ ነፊው በአንድ ቦታ አይቆምም፤ ከጉብታ ወደ ጉብታ ይሄዳል። እርሱ ያልደረሰበትን ደግሞ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የሚለው የቆየ ደንብ ይሞላዋል።

በዛሬው ጊዜ የብዙ ማኅበሮች ማስታወቂያ ወደ ስልክ ተዛውሯል። ጥቅሙ የሚካድ አይደለም። አዘዞ የሚሠራው፣ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ የሚኖረው አባል መርዶውን በዚያው ጧት ያውቃል፤ የተጻፈው ሰዓትም በሰሚ ሰሚ አይለወጥም። ይሁን እንጂ ስልክ የሌላት ባልቴት፣ ማንበብ ያልተማረ አዛውንት፣ መብራት ጠፍቶበት ስልኩ የተዘጋበት አባል ከመልእክቱ ውጭ ይቀራሉ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ እንደ ታየው፣ በዚህ መንገድ ብቻ የሚነጋገር ማኅበር በአንድ ቀን ዲዳ ይሆናል። ጥሩንባውም ቢሆን የራሱ ድካም አለው፤ የሰዓት እላፊ በታወጀበት ሌሊት ነፊው ሊወጣ አይችልም፤ ጆሮው የደከመም አይሰማውም።

እንግዲህ አንዱ የሚሰናከልበት ምክንያት ሌላውን የማያሰናክለው ከሆነ፣ ሁለቱን አጣምሮ መያዝ እንጂ አንዱን ጥሎ ሌላውን ማንሣት ብልኅነት አይደለም። ለዚህም አራት ነገሮች ይበቃሉ። አንደኛ፣ ጥሩንባው እንዳይቀር፤ ለነፊውም የሚገባው ዋጋ እንዲከፈለው። ሁለተኛ፣ የስልኩ መልእክት የሟቹን ስም፣ ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና ሰዓቱን ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል እንዲይዝ። ሦስተኛ፣ ጸሐፊው ስልክ የሌላቸውንና መስማት የተሳናቸውን አባሎች መዝግቦ፣ ለእያንዳንዳቸው ቤት ለቤት ሄዶ የሚነግር ጎረቤት እንዲመደብላቸው፤ ተመዳቢውም ማድረሱን መልሶ እንዲያስታውቅ። አራተኛ፣ መልእክቱ ለአባሉ መድረሱ ሳይረጋገጥ ቅጣት እንዳይወሰን።

ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ያልሰማ ሰው በመቅረቱ ቢቀጣ፣ ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም በደሉ ትልቅ ነው፤ ያዘነው ቤተ ሰብም ጎረቤቱ ንቆ የቀረ መስሎት ቂም ይይዛል። በእንዲህ ያለ ቂም ዕድሜ ልክ የተኳረፉ ጎረቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ ጥፋቱ ግን የልብ ሳይሆን የመልእክት ነበር።

የማኅበሩ አባሎች ሁሉ በየሰፈራቸው የእድር አባሎች ናቸው። በሚመጣው የወር ስብሰባ እያንዳንዱ አባል በእድሩ ፊት ተነሥቶ «ባለፈው መርዶ ሳይሰማ የቀረ ማን ነው? ለምንስ ሳይደርሰው ቀረ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሥራው ከዚያው ሊጀመር ይችላል።