ሂሳቡ ትክክል ነበር

(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ አንዲት ነርስ ካሰማችው ንግግር)



ስለ ነርሶች ትምህርት እንድናገር ስጠየቅ ከብዙው ነገር አንዱን ብቻ መረጥሁ፤ እርሱም የመድኃኒት መጠንና የጠብታ ስሌት ነው። ከእናንተ መካከል ለነርስ ተማሪዎች የትምህርት ወጪ የምትረዱ አላችሁ። ርዳታችሁ ምን እንደሚሠራ ይህ ትንሽ ሂሳብ በሚገባ ያሳያል።

ሂሳቡ በራሱ ከባድ አይደለም። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ ይታወቃል፤ ቱቦው በአንድ ሚሊ ሊትር በሚጥለው የጠብታ ብዛት ይባዛል፤ ከዚያም ለደቂቃዎቹ ቁጥር ይካፈላል። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ቢታዘዝና ቱቦው በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚጥል ቢሆን፣ 1000 በ20 ተባዝቶ ለ480 ሲካፈል በደቂቃ 42 ጠብታ ያህል ይሆናል። እኔም ይህን በቃሌ ሸመደድሁት፤ በፈተናም ጥሩ ውጤት አገኘሁ።

በ1998 ዓ.ም. ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ ሆስፒታል ተላክሁ። አንድ ሌሊት ተቅማጥና ትውከት ሰውነቱን ያደረቀው የ7 ወር ሕፃን መጣ። ዓይኖቹ ጎድጉደዋል፤ መጥባት አቅቶታል። ሲመዘን 8 ኪሎ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንዲህ ላለ ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን በመጀመሪያው ሰዓት በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር፣ በሚቀጥሉት 5 ሰዓቶች ደግሞ በኪሎ 70 ሚሊ ሊትር እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰዓት ድርሻ 240 ሚሊ ሊትር ነበር። 240 በ20 አባዝቼ ለ60 አካፈልሁ፤ በደቂቃ 80 ጠብታ ሆነ። ሰዓቴን ይዤ ቆጠርሁ፤ ልክ 80። ደስ ብሎኝ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄድሁ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንዲት አንጋፋ ነርስ መጡ። ሕፃኑን ዳሰሱ፤ የተሰቀለውንም ፈሳሽ አዩ። 120 ሚሊ ሊትር ሊገባለት ሲገባ የገባው 40 ብቻ ነበር። «ልጄ፣ የቱቦውን ማሸጊያ አንብበሻል?» አሉኝ። አላነበብሁም። ቱቦው ጠብታው ደቃቅ የሆነ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 60 የሚጥል ዓይነት ነበር። ሂሳቤ ትክክል ነበር፤ ሕፃኑ ግን ከሚገባው አንድ ሦስተኛውን ብቻ እያገኘ ነበር። ሲስተር ሳይቆጡኝ ቱቦውን ለወጡ፤ የጎደለውንም ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረው ተኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሲነጋ ሕፃኑ ጡት ያዘ። እናቱ እጄን ይዛ መረቀችኝ፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሦስት ነገሮችን አልተውሁም። አንደኛው፣ ከማስላቴ በፊት ማንበብ ነው። ጄንታማይሲን የሚባለው መድኃኒት በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ሚሊ ግራም የያዘ አለ፤ 10 ሚሊ ግራም የያዘም አለ። 60 ሚሊ ግራም ለታዘዘለት ልጅ ከመጀመሪያው 1.5፣ ከሁለተኛው 6 ሚሊ ሊትር ይቀዳል። ብልቃጡን ያምታታ ሰው አራት እጥፍ ሊሰጥ ይችላል፤ ይህም መድኃኒት ሲበዛ ኩላሊትንና ጆሮን ይጎዳል። ሁለተኛው፣ መልሱን ሌላ ሰው በራሱ እንዲያሰላው መጠየቅ ነው። ሦስተኛው፣ ሰቅሎ አለመሄድ ነው፤ በፈሳሹ መያዣ ላይ ፕላስተር ለጥፌ በየሰዓቱ የት መድረስ እንዳለበት እጽፋለሁ፤ ተመልሼም አያለሁ።

በፕሮጀክት ጣቢያዎች የምትሠሩ ወገኖቼ፣ ይህ ሁሉ ስሌት የሚጀምረው ከኪሎ ነው። ሚዛናችሁ ካልሠራ የነርሷ ሂሳብ ግምት ይሆናል። በረሃብ ለከሳ ልጅ ደግሞ ፈሳሽ በብዛትና በፍጥነት ቢገባ ልቡን ስለሚያደክመው ስሌቱ የተለየ ነው፤ መመሪያውን በግድግዳ ላይ ለጥፉት። ተለማማጅ ተማሪ «እባክዎ ይዩልኝ» ስትል አትሣቁባት።

ተማሪዎችን የምትረዱ ምእመናን ሆይ፣ ልጆቻችሁ ለዕረፍት ሲመጡ «ስንት አመጣሽ?» ብቻ አትበሉ። «ሳታውቂ ስትቀሪ ማንን ትጠይቂያለሽ?» ብላችሁም ጠይቁ። እኔ ያን ሌሊት አልጠየቅሁም ነበር፤ ሕፃኑ የተረፈው ሌላ ሰው መጥቶ ስለጠየቀ ነው።